መጨረሻው ስንት ነው?

መርካቶ ገብቶ የተጠራለትን ዋጋ ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው ብዙ አይገኝም። ነጋዴው ይጠራል፤ ገዢው ፊቱን አዙሮ ይራመዳል፤ «ና እስቲ፣ ላንተ ብዬ ነው» ይባላል፤ ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይህን ጥያቄ የእናቱን ነጠላ ይዞ ሲከተል የተማረ ሰው ግን አሜሪካ ገብቶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ አትላንታ ወይም ዳላስ ተቀምጦ፣ በዕድሜው ከቤት ቀጥሎ ትልቁን ግዢ ሲፈጽም አንደበቱ ይታሰራል። ልጁ ስሙ ከተጠራ የግል ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ ሲደርሳት ዋጋ መጠየቅ እንደ ንፍገት ይቆጠራል። «ስም ያለው ቦታ ትግባ እንጂ ለብሩ እግዜር ያውቃል» ይባላል። ይህ መጣጥፍ የሚሞግተው ይህን አባባል ነው። ርካሹን ምረጡ፣ ትልቁን አትመኙ ለማለት አይደለም። በብድር የሚገዛው ስም አብዛኛውን ጊዜ ያ የተመኘነው ስም አለመሆኑን፣ እውነተኛው ትልቅ ስም ደግሞ ብድር የማይጠይቅ መሆኑን ለማሳየት ነው።

የእምነቱ ሥር ክፉ አይደለም፤ ከየት እንደመጣም ግልጽ ነው። በአገር ቤት ትምህርት ቤት ሲመረጥ ዋጋ ከምርጫው ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጪ መጋራት ሥርዓት እስኪታወጅ ድረስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የሚሸፍነው መንግሥት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን ተመራቂው የሚጋራውን ወጪ የሚከፍለው ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። ስድስት ኪሎ የገባና ሌላ ቦታ የተመደበ ልጅ የሚለያዩት በማትሪክ ውጤታቸው እንጂ በአባታቸው ኪስ አልነበረም። ስለዚህ የተቋሙ ስም የጉብዝና ማረጋገጫ ነበር፤ ሰው ስሙን ብቻ የሚጠይቀው ሌላ የሚጠየቅ ነገር ስላልነበረ ነው። ያ ልማድ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ያስገኘው ሥርዓት ግን አብሮ አልመጣም። በአሜሪካ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ በነፃ፣ ሌላዋ በዓመት 60 ሺሕ ዶላር ሊማሩ ይችላሉ። ዋጋው ከሰው ሰው በሚለያይበት ገበያ ውስጥ ስምን ብቻ ይዞ መወሰን፣ መነጽር አውልቆ መኪና እንደ መንዳት ነው።

ገበያ ማለቴም ምሳሌ ለማሳመር አይደለም። በ2024/25 የትምህርት ዘመን በርካታ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት፣ መኝታና ምግብ ተደምሮ በዓመት ከ90 ሺሕ ዶላር በላይ ጠርተዋል። ሆኖም የግል ኮሌጆች የፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኮሌጆቹ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚጠሩት የትምህርት ክፍያ በአማካይ ከግማሽ በላዩን መልሰው ይቀንሳሉ። ቅናሹ ግን ቅናሽ ተብሎ አይጠራም። ማኅተም ባለበት ወረቀት፣ በአንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ወይም በአንድ በጎ አድራጊ ስም ተሰይሞ «ስኮላርሺፕ» ሆኖ ይመጣል። በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አብዛኛው «ላንተ ብዬ ነው» የሚለው የመርካቶ ነጋዴ ቃል ነው፤ ገዢው ክብር እንዲሰማውና ወደ ጎረቤት ሱቅ እንዳይሄድ የሚደረግ። ለማሳያ ያህል፣ ስምንቱ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤትም ሆነ በስፖርት አንድም ስኮላርሺፕ አይሰጡም። የሚሰጡት በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ እርዳታ ብቻ ነው። ገዢ መጥራት ለማያስፈልገው ነጋዴ «ላንተ ብዬ» ማለት አያስፈልገውም።

ደብዳቤውን ቀረብ ብለን እንየው። ለምሳሌ ያህል የዓመቱ ዋጋ 88 ሺሕ ዶላር ነው እንበል። ከሥሩ በደማቅ ፊደል «ስኮላርሺፕ 40,000» ይላል፤ ቤቱ በእልልታ የሚሞላው እዚህ መስመር ላይ ነው። ቀጥሎ «የፌዴራል የተማሪ ሎን 5,500» ይመጣል፤ ሕጉ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን ነው። ከዚያ «ወርክ ስተዲ 2,500»፤ ይህ ልጅቷ ገና ሠርታ የምታገኘው ደሞዝ እንጂ የተሰጣት ገንዘብ አይደለም። በመጨረሻ «ፓረንት ፕላስ 40,000» ይልና ከግርጌው «ቀሪ ክፍያ፦ 0» ተብሎ ይዘጋል። ስጦታውም፣ ዕዳውም፣ ያልተሠራበት ደሞዝም አንድ ዓምድ ውስጥ ተደምረው ዜሮ ሆኑ። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ብልጠት አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት፣ ከኮሌጆች 91 በመቶ ያህሉ በእርዳታ ደብዳቤያቸው ላይ ቤተሰቡ በትክክል የሚከፍለውን ገንዘብ ጨርሶ እንደማይገልጹ ወይም አሳንሰው እንደሚገልጹ ገምቷል። በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ተመሥርቶ «ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች» ብሎ መደገስ የዋህነት ነው፤ የዋህነቱን የሚከፍለው ደግሞ ደጋሹ ራሱ ነው።

ፓረንት ፕላስ የሚባለው ብድር በወላጅ ስም የሚወሰድ የፌዴራል መንግሥት ብድር ነው። ወላጁ መጥፎ የክሬዲት ታሪክ እንዳይኖርበት ይታያል እንጂ፣ በገቢው መክፈል መቻሉ አይመዘንም። ለ2025/26 ወለዱ 9 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ከዚያም በላይ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጣል፤ 10 ሺሕ ተበድረው 9,577 ዶላር ያህል ይደርሰዎታል፣ ወለድ የሚታሰበው ግን በ10 ሺሑ ላይ ነው። ዕቁብ ጥሎ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማነጻጸር አይከብደውም። በዕቁብ አንድ ሺሕ የጣለ አንድ ሺሕ ያወጣል፤ ዳኛው ቢቀና የሚያስቀረው ተራን እንጂ ገንዘብን አይደለም። በ9 በመቶ ወለድ 100 ሺሕ ዶላር ተበድሮ በአሥር ዓመት የሚከፍል ወላጅ ግን በወር ወደ 1,267 ዶላር፣ በድምሩ ከ152 ሺሕ በላይ ይከፍላል። የትምህርት ብድር ደግሞ እንደ ክሬዲት ካርድ ዕዳ በኪሳራ አዋጅ በቀላሉ አይሰረዝም፤ ተበዳሪው ከባድ ችግር ላይ መሆኑን በፍርድ ቤት ማስረዳት አለበት። መንግሥት ራሱ አደጋውን አይቶ ይመስላል፣ በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዳዲስ ተበዳሪ ወላጆች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺሕ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺሕ ዶላር በላይ በዚህ መንገድ መበደር አይችሉም። ይህ ጥሩ ዜና የሚሆነው ልማዳችንን ከለወጥን ነው፤ ካልለወጥን የጎደለውን ለመሙላት ወደ ግል አበዳሪ በር መሄድ ይከተላል።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ ዝም አይልም። «ስም እኮ በር ይከፍታል፤ የተከፈተ በር ዕዳውን ይከፍላል» ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ መልስ የሚፈልገውም ከስሜት ሳይሆን ከማስረጃ ነው። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አነሡ። በ1976 ኮሌጅ ከገቡት መካከል ተመሳሳይ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ለይተው፣ ትልቁን ስም የመረጡትንና ትተውት ሌላ ቦታ የገቡትን ገቢ አወዳደሩ። በአማካይ የረባ ልዩነት አላገኙም። የሚገርመው፣ የተማሪውን የወደፊት ገቢ ይበልጥ የሚጠቁመው የገባበት ሳይሆን ያመለከተበት ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ማለት ከትልቅ ስም የሚወጣው ሰው የሚሳካለት በብዛት ስሙን ይዞ ስለወጣ ሳይሆን፣ ለስሙ የሚያበቃውን ችሎታና ምኞት ይዞ ስለገባ ነው። ጎበዟ ልጅ ጉብዝናዋን ሻንጣዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትሄደው፤ በር ላይ የሚሰጣት የለም።

ማስረጃን የሚጠቅስ ሰው የማይመቸውንም መጥቀስ አለበት። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ ሰፋ ባለ መረጃ ሲመለሱ፣ ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች እንዲሁም ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ተማሪዎች ከትልቅ ስም እንደሚጠቀሙ አገኙ፤ ይህ የብዙ ሐበሻ ቤት መግለጫ ነው። ራጅ ቼቲ ከባልደረቦቹ ጋር በ2023 ያወጣው ጥናት ደግሞ፣ ከስምንቱ አይቪ ሊጎች፣ ከስታንፎርድ፣ ከኤም አይ ቲ፣ ከዱክና ከቺካጎ በአንዱ መማር አማካይ ገቢን እምብዛም ባይለውጥም፣ ከየስቴቱ ዋና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ ሀብታሞች ጎራ የመግባት ዕድልን ቢያንስ በግማሽ እንደሚያሳድግ፣ ታላላቅ ድርጅቶች ውስጥ የመቀጠርን ዕድል ደግሞ ሦስት እጥፍ እንደሚያደርስ አሳይቷል። ስለዚህ ስም ከንቱ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ እኔም አልልም።

ነገር ግን ይህ ማስረጃ የማን እንደሆነ እናስተውል። የቼቲ ጥናት ስለ አሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሚያመለክቱላቸው መካከል የሚቀበሉት እጅግ ጥቂቱን ሲሆን፣ ለተቀበሉት ደግሞ በአገሪቱ ካሉት ለጋሶች መካከል ናቸው። ፕሪንስተን በ2001 ብድርን ከእርዳታ ደብዳቤው ላይ ጨርሶ ፍቆ በስጦታ ተካው። ሃርቫርድ ከ2025/26 ጀምሮ በዓመት ከ100 ሺሕ ዶላር ያልበለጠ ገቢና መደበኛ ንብረት ካለው ቤተሰብ ለትምህርት፣ ለምግብም ሆነ ለመኝታ ምንም አይጠይቅም፤ እስከ 200 ሺሕ ለሚያገኝ ቤተሰብ የትምህርቱን ክፍያ ይተዋል። ኤም አይ ቲም እንዲሁ። ፓርኪንግ የሚሠራ አባትና ነርሲንግ ሆም የምትሠራ እናት ያሏት ልጅ ሃርቫርድ ብትገባ፣ ለወላጆቿ ከስቴታቸው ዩኒቨርሲቲ ይልቅ ሊረክስ ይችላል። እዚያ የስምና የዋጋ ክርክር የለም፤ መጨረሻው ሲጠየቅ ስሙም ዋጋውም አንድ ላይ ይገኛሉ። ዕዳ ውስጥ የሚከተን ሌላው ነው፦ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ አርባኛ ወይም ስድሳኛ የተቀመጠው፣ ብዙ የሚጠራና ጥቂት የሚቀንሰው ትምህርት ቤት። ምስክርነቱን ከአሥራ ሁለቱ ወስደን ገንዘቡን ለሌላው እንከፍላለን። በአክሱም ወርቅ ስም ነሐስ መግዛት ማለት ይህ ነው።

ደረጃ ሰንጠረዡስ ምን ያህል የሚታመን ነው? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲን ስም የሚያወጣው ግን መጽሔት ነው። «ዩ.ኤስ. ኒውስ» ከ1983 ጀምሮ ኮሌጆችን በተራ ይደረድራል፤ ኮሌጆቹም ሰንጠረዡን ወደ ላይ ለመውጣት ይሠራሉ፣ አንዳንዴም ቁጥር ያሳምራሉ። በ2022 መጀመሪያ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ለመጽሔቱ የሰጠው መረጃ ትክክል እንዳልሆነ አስልተው አሳዩ። ዩኒቨርሲቲው የተሳሳተ መረጃ መስጠቱን አመነ፤ በዚያው ዓመት ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል የተለወጠው ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ዋጋው አልቀነሰም። ይህን የማነሣው ኮሎምቢያን ለይቼ ለመውቀስ አይደለም፤ አሥራ ስድስት ደረጃ በአንድ ዓመት ሲጠፋ የትምህርቱ ጥራት ካልተነካ፣ በ22ኛውና በ45ኛው መካከል ላለ ልዩነት የአንድን ቤተሰብ የጡረታ ገንዘብ ማፍሰስ ምን እንደሚባል እንድናስብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስጨንቀኛል፤ እውነት ስላለበት። «ርካሹ ቦታ የገባ አይጨርስም» ይላል። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት ተማሪዎች በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር ዲግሪ የሚይዙት ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ ናቸው። ያልተጨረሰ ዲግሪ በዓለም ውዱ ትምህርት ነው፤ ዕዳው ይቀራል፣ ወረቀቱ የለም። ስለዚህ «ዝም ብለህ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምር» የሚለው ምክርም ከጥያቄ አያመልጥም። ግን ይህ ቁጥር የሚነግረን ስምን እንድንከተል አይደለም፤ ሁለተኛ ጥያቄ እንድንጨምር ነው፦ ከሚገቡት ስንቱ ይጨርሳሉ? ያን ጊዜ በስም ጭጋግ የተሸፈኑ አማራጮች ይታያሉ። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ለስቴቱ ነዋሪ ትምህርቱና ተያያዥ ክፍያዎቹ በዓመት ወደ 12 ሺሕ ዶላር ናቸው፤ ከመቶ ከ85 በላይ ተማሪዎቹ በስድስት ዓመት ውስጥ ይመረቃሉ። በቨርጂንያ ኖቫ በሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጀምር ልጅ ከ2018 ጀምሮ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተዘረጋው የአድቫንስ መርሐ ግብር ከመጀመሪያው ቀን አማካሪና የተሰመረ መንገድ ያገኛል። ርካሽ ማለት መንገድ የሌለው ማለት አይደለም፤ መንገድ የሌለው ርካሽ ግን ርካሽ አይደለም።

ስም የሌለው ቦታ ምን ሊያፈራ እንደሚችል ለሚጠይቅ፣ ከባልቲሞር ወጣ ብሎ ያለው የሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ መልስ አለው። በ1966 የተከፈተ ወጣት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በድግስ ላይ ስሙ ሲጠራ ዘወር ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍሪማን ህራቦውስኪ ከበጎ አድራጊው ሮበርት ማየርሆፍ ጋር ሆነው በሳይንስ ለሚማሩ ጥቁር ተማሪዎች አንድ ስኮላርሺፕ አቋቋሙ፤ በኋላ ለሁሉም ተከፈተ። ገንዘቡ ብቻውን አልመጣም፤ የበጋ ዝግጅት፣ የቡድን ጥናት፣ ገና ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ቤተ ሙከራ መግባት ተጨመረበት። ዛሬ ያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናንና የምርምርን ዶክትሬት አጣምረው የሚይዙ ጥቁር ምሩቃንን በማፍራት በአገሪቱ ከግንባር ቀደሞቹ ነው። ከነዚህ ስኮላሮች አንዷ ኪዝሜኪያ ኮርቤት በ2008 ተመረቀች፤ ዶክትሬቷን ከሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያዘች፤ ቤተስዳ ባለው የብሔራዊ ጤና ተቋም የሞደርናን የኮቪድ ክትባት መሠረት ካበጁት ዋነኛ ሳይንቲስቶች አንዷ ሆነች። በ2021 ሃርቫርድ በመምህርነት ወሰዳት። ከፍላ አልገባችም፤ ተከፍሏት ገባች። «አንዲት ልጅ ማስረጃ አትሆንም» ቢባል እቀበላለሁ። ማስረጃው እሷ ሳትሆን መርሐ ግብሩ ነው፤ እሱም የሚያሳየው ስኮላርሺፕ የሚመዘነው ከጀርባው ባለው ድጋፍ እንጂ ከፊቱ በተጻፈው ስም አለመሆኑን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከልብ የሚወጣ ነው፦ «እኛ የተሰደድነው ለልጆቻችን ነው፤ እኛ ብንጎዳስ?» መሥዋዕትነትን ማቃለል አይገባም። ሆኖም መሥዋዕትነት ማን ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅም ያው ፍቅር ነው። በሃምሳ አምስት ዓመቱ የአሥር ዓመት ብድር የሚፈርም አባት እስከ ስድሳ አምስት ድረስ በእጥፍ ሺፍት መሥራቱን እየፈረመ ነው፤ በሽታም፣ ከሥራ መቀነስም፣ አገር ቤት ያለች እናትም አይጠብቁትም። ከመጀመሪያዋ ልጅ በኋላ የሚመጡት ታናናሾችም አሉ። ልጃቸው ሐኪም እንድትሆን ለሚመኙ ደግሞ፣ እነዚህም ጥቂት አይደሉም፣ አዲሱ ሕግ የሒሳቡን መልክ ለውጦታል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለሕክምናና ለመሰል ሙያዎች የሚፈቀደው የፌዴራል ብድር በዓመት 50 ሺሕ፣ በጠቅላላው 200 ሺሕ ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ ትምህርቱ ሙሉ ወጪ ድረስ ይሰጥ የነበረው ብድር ለአዲስ ገቢዎች ተዘግቷል። የቤተሰቡን አቅም በመጀመሪያው ዲግሪ ጨርሶ የሕክምና ትምህርት ቤት በር ላይ ባዶ እጅ መቆም፣ ለዋዜማው ደግሶ ለሠርጉ ማጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የሚያጨበጭበው ሕዝብ ነው። አንድ ልጅ ከሃያ ትምህርት ቤት የተላከለት የቅናሽ ወረቀት ሁሉ ተደምሮ «የሚሊዮን ዶላር ስኮላርሺፕ አሸናፊ» ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ልጁ ግን መግባት የሚችለው አንድ ቦታ ነው። ከሃያ ሱቅ የተቀነሰልህን ደምረህ ሀብታም ሆንኩ እንደማለት ነው። በአንጻሩ በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር የሚሰጠው የአንድ ሺሕና የሁለት ሺሕ ዶላር ሽልማት፣ ያለ ማስታወቂያ ቢመጣም ንጹሕ ገንዘብ ነው። እሱንም ቢሆን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ኮሌጆች ተማሪው ከውጭ ያገኘውን ያህል ከራሳቸው ስጦታ ይቀንሳሉ፣ ትርፉ የኮሌጁ ይሆናል። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ በሕግ በመገደብ ከስቴቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆናለች። ገንዘብ የሚያዋጡ የማኅበር አባላት ስንቶቹ ይህን ሕግ ያውቁታል? የልጆቻችንን ስም በመድረክ ከመጥራት ይህን ማስተማር ይበልጥ ይጠቅማቸው ነበር።

«መጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ መንገድ አላጣንም። ከ2011 ጀምሮ ማንኛውም የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ፣ ቤተሰብ ገቢውን አስገብቶ ግምታዊ የመጨረሻ ዋጋውን የሚያይበት ማስሊያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር በሕግ ይገደዳል፤ ይህ ከማመልከቻው በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ደብዳቤው ከመጣ በኋላም ቃሉ የመጨረሻ አይደለም። ገቢ ከቀነሰ፣ አያት ከታመሙ፣ ሌላ ትምህርት ቤት የተሻለ ከሰጠ፣ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው እንደገና እንዲያይ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ሕጉም ሠራተኛው የቤተሰቡን ልዩ ሁኔታ እንዲመዝን ሥልጣን ይሰጠዋል። የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ ሳይከራከር የማይገዛ ወላጅ ግን፣ ከማኅተሙ ፊት «እንዳናሳፍራት» ብሎ ዝም ይላል። ሜይ 1 ቀን ዲፖዚቱ ይከፈላል፤ ልጅቷም የዩኒቨርሲቲው ስም የተጻፈበት ሹራብ ይገዛላታል። ወረቀቱን አገላብጦ፣ ስጦታውን ከዕዳው ለይቶ፣ አራቱን ዓመት አባዝቶ ያልጠየቀ ሰው በዚያች ቀን የገዛው ሹራቡን ነው። ቀሪውን ዋጋ የሚሰማው ሹራቡ ካለቀ በኋላ ነው።